የአየር ቱቦ ትርፍ ዕቃ ነው ለሚሉ የተሰጠ መልስ

በአዲስ አበባ አሮጌ ቤት የሚያሳድስ ሰው ሁሉ፥ ሥራው ወደ መታጠቢያ ቤቱና ወደ ወጥ ቤቱ በደረሰ ጊዜ፥ ከቧንቧ ሠራተኛውም፥ ከግንበኛውም፥ ቀድሞ ቤት ካሳደሰው ጎረቤቱም በአንድ ቃል የሚሰማው ምክር አለ፤ ይኸውም ከፍሳሹ ቱቦ ተነሥቶ ከጣራ በላይ የሚወጣው የአየር ቱቦ፥ ሠራተኞች ቬንት የሚሉት፥ ለፎቅ እንጂ ለዚህ ዓይነቱ ቤት የማያስፈልግ፥ ግድግዳ የሚያስፈርስ፥ ቆርቆሮ የሚያስበሳ፥ ያለ ጥቅም ገንዘብ የሚያስወጣ ትርፍ ዕቃ ነው፤ ሲፎኑ ደኅና ሆኖ ከተገጠመ ሽታ አይመጣም፤ ከመጣም መስኮት መክፈት ይበቃል የሚል ነው። ይህ ምክር ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሮ ዛሬ ማንም የማይመረምረው ልማድ ሆኗል፤ ልማድም ከሆነ በኋላ፥ የቀድሞዎቹ ቤት ሠሪዎች ዐውቀው ያቆሙትን ቱቦ በመጋዝ ቈርጦ መጣል እንደ ማሳመር፥ አዲሱን ሳይተክሉ መቅረትም እንደ ቁጠባ ይቈጠራል። እኔ ግን አሳቡ ከመሠረቱ የተሳሳተ መሆኑን፥ ስሕተቱም የውሃንና የአየርን ጠባይ ካለመመርመር የመጣ መሆኑን፥ በአሮጌ ቤት እድሳትም ከሴራሚኩና ከቀለሙ በፊት መንገዱ ሊታሰብለት የሚገባው ይኸው የተናቀው ቱቦ መሆኑን፥ ተቃዋሚዎቼ የሚያቀርቡትን ምክንያት እያነሣሁ ለማስረዳት እወዳለሁ።

ነገሩን ከጥንቱ ለመጀመር፥ በ1775 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ከተማ ይሠራ የነበረ አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ የሰዓት ሠሪ፥ ከመጸዳጃው በታች ያለው ቱቦ ወደ ታች ከወረደ በኋላ መልሶ ወደ ላይ እንዲታጠፍና በእጥፋቱ ውስጥ ውሃ እንዲቋጥር አድርጎ በመሥራት የፈጠራ መብት ተቀበለ። ዛሬም በመጸዳጃው፥ በእጅ መታጠቢያውና በዕቃ ማጠቢያው ሥር፥ በቤተ ሰቡና በጉድጓዱ መካከል ያለው መጋረጃ ይህ በቱቦው እጥፋት የተኛ ጥቂት ውሃ ብቻ ነው። በር የለም፤ መዝጊያ የለም፤ ክዳን የለም፤ ያለው ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር፥ ቢበዛም 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ውሃ ነው። ሲፎን የምንለው ዕቃ ከፕላስቲክ ቢሠራ፥ ከነሐስ ቢሠራ፥ ከኢጣልያ ቢመጣ፥ ከቻይና ቢመጣ፥ ግብሩ ያን ውሃ መያዝ ስለ ሆነ፥ ውሃው ከውስጡ የወጣ እንደ ሆነ የቀረው ባዶ ቱቦ ነው። ስለዚህ ቤቱን የሚያሳድስ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፥ ውሃው በሲፎኑ ውስጥ ጸንቶ እንዲኖር የሚጠብቀው ምንድር ነው ብሎ ነው።

ውሃውን ከስፍራው የሚነጥቀው አየር ነው። ሰው መጸዳጃውን በለቀቀው ጊዜ ከ6 እስከ 9 ሊትር የሚሆን ውሃ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ባንድነት ይወርዳል፤ ይህም ውሃ ቱቦውን ሞልቶ ሲሄድ በፊቱ ያገኘውን አየር እየገፋ፥ በኋላው የተወውን ስፍራ ደግሞ ባዶ እያደረገ ይሄዳል። ሕገ ጠባይዕ ባዶ ስፍራን አይታገሥምና፥ ያን ጉድለት ለመሙላት አየር ከተገኘበት ይሳባል፤ ከጣራ በላይ ክፍት የሆነ ቱቦ ካለ በቀላሉ ከላይ ይወርዳል፤ ከሌለ ግን በአቅራቢያው ባለው ሲፎን በኩል ይመጣል፤ ሲመጣም በመንገዱ የተኛውን ውሃ ጠርጎ ይዞት ይሄዳል። በሌላው ወገን ደግሞ፥ ወደ ፊት የተገፋው አየር መውጫ ያጣ እንደ ሆነ፥ ከታች ባለው ሲፎን አረፋ እያስነሣ ወደ ክፍሉ ይወጣል። ይህን ለማወቅ የሊቃውንትን መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ ሙሉ ጀሪካን ዘቅዝቆ ያፈሰሰ ሰው ሁሉ፥ አንድ አፍ ብቻ ሲኖረው ውሃው እየተናነቀ እንደሚወርድ፥ ከወደ ጀርባው በሚስማር የተበሳ እንደ ሆነ ግን ያለ ድምፅ በአንድ ጅረት እንደሚፈስ ያውቃል።

ለዚህ ጥፋት የሚያስፈልገውም ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ውሃን ከስፍራው ለመንቀል የሚበቃው የግፊት ልዩነት፥ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ባለው በአዲስ አበባ ካለው የአየር ክብደት ጋራ ቢመዛዘን፥ ከ150 እጅ አንዱን እጅ ያህል ብቻ ነው። የአሜሪካን አገር የቧንቧ ሕጎች በፍሳሽ ቱቦ ውስጥ የሚነሣው የግፊት ልዩነት ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል የውሃ ቁመት እንዳያልፍ የሚወስኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ የአየር ቱቦም ስፋቱና ርዝመቱ የሚሰላው ይህ ልክ እንዳይታለፍ ተብሎ ነው። ዐይን የማያየው ረቂቁ ነፋስ ግዙፉን ውሃ እንደ ምን ያናውጠዋል ለሚል ሰው መልሱ ይህ ነው፤ የሚያናውጠው ውሃ ጥቂት፥ የሚጠብቀውም የለውምና።

እንግዲህ የተቃዋሚዎቻችን ሥረ ነገር ከዚህ ላይ ይናዳል። እነርሱ የአየር ቱቦ የተሠራው ሽታን ለማስወጣት ነው ብለው ስለሚያምኑ፥ ሽታ ከሌለ ቱቦው አያስፈልግም፥ ሽታ ካለም መስኮት ይተካዋል ብለው ይደመድማሉ። ነገር ግን የቱቦው ቀዳማዊ ግብሩ አየርን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው፤ የሽታው መውጣት ከዚያ በኋላ የሚከተል በረከት ነው። መስኮት ለክፍሉ አየር ይሰጣል እንጂ ለቱቦው ውስጥ አየር መስጠት አይችልም። ይልቁንም መስኮት በማይኖረው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሽታ ይጠርጋል ተብሎ የሚገጠመው የኤሌክትሪክ ማራገቢያ፥ ሲፎኑ ባዶ በሆነበት ቤት፥ የጉድጓዱን አየር በገዛ እጁ ወደ ክፍሉ ይስበዋል። ለእውነት ስል አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፥ ይልቁንም በበጋ ወራት፥ ለብዙ ቀን ያልተነካ የሻወር ወለል ሲፎን ውሃው ተንኖ ሊደርቅ ይችላል፤ ከዚህ የአየር ቱቦ አያድንም፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ አንድ ጣሳ ውሃ ማፍሰስ ነው። ነገር ግን ጧት ውሃ ፈስሶበት ማታ የሚሸት ሲፎን በድርቀት ሊሳበብ አይችልም።

ካዛንቺስ አካባቢ በኢጣልያ ወረራ ዘመን፥ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከተሠሩት የድንጋይ ቤቶች አንዱ ሲታደስ አይቻለሁ። በጓሮው ግድግዳ ላይ በብረት ማሰሪያ ተይዞ፥ በመስኮቶቹ መካከል አልፎ፥ ከክፈፉ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የሚቆም ከባድ የብረት ቱቦ ነበረው። አሳዳሾቹ ይህን ቱቦ የቤቱን መልክ ያበላሻል ብለው በመስኮቱ ደፍ ትክክል ቈረጡት፤ አፉን በሲሚንቶ ደፈኑት፤ ግድግዳውንም እንደ አዲስ ለስነው ቀቡት። ቤቱ ካማረ በኋላ፥ በአንደኛው መታጠቢያ ቤት መጸዳጃው በተለቀቀ ቁጥር የወጥ ቤቱ ሲንክ ጉልቅ ጉልቅ ይል ጀመር፤ በሁለተኛው መታጠቢያ ቤት ደግሞ በመጸዳጃው ሳህን ውስጥ ያለው ውሃ ማንም ሳይነካው ከፍ ዝቅ እያለ ይወዛወዝና፥ ዝም ሲል ከቀድሞው ልኩ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ውሃው ጥንት ይቆምበት የነበረውም ስፍራ በነጩ ሳህን ላይ ጠቆር ያለ ቀለበት ሆኖ ይታያል። የቤቱ እመቤት በየጧቱ ዕጣን ያጨሱ ነበር። ሠራተኛው በመጣ ቁጥር፥ «እትዬ፥ ሲፎኑ ነው፤ እቀይርልዎታለሁ» ይላቸዋል፤ ሲፎኑ ተቀየረ፤ መገጣጠሚያው ሁሉ በሲሊኮን ታሸገ፤ በመጨረሻም መጸዳጃው ራሱ ተነቅሎ በሌላ ተተካ። ወደ ውጭ ወጥቶ በግድግዳው ላይ ቀና ብሎ ያየ፥ ይህ ቱቦ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር፤ ነገር ግን ያንኑ ድምፅ፥ ያንኑም ዕጣን፥ እድሳታቸው ገና ባልደበዘዘ ብዙ ቤቶች አግኝቼዋለሁ።

ሽታ ሰው አይገድልም የሚሉም አሉ። በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት የነበሩ የአውሮፓ ሐኪሞች ኮሌራና ተስቦ ከክፉ ሽታ ይወለዳሉ ብለው ያስተምሩ እንደ ነበር፥ ተሐዋስያን ከታወቁ በኋላም ይህ ትምህርት እንደ ወደቀ እነዚህ ሰዎች ሰምተዋልና በዚህ ይመካሉ። ነገር ግን ሽታው በሽታን አይወልድም ማለት፥ ሽታው የመጣበት መንገድ ለበሽታ አይከፈትም ማለት አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር በሆንግ ኮንግ አሞይ ጋርደንስ በተባለው የመኖሪያ ሕንፃ ከ300 የሚበልጡ ሰዎች ሳርስ በተባለው የሳንባ በሽታ ተያዙ፤ መርማሪዎችም በሽታው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የተሻገረበትን መንገድ ሲፈልጉ ካገኟቸው ምክንያቶች ዋናው፥ በመታጠቢያ ቤቶቹ ወለል ያሉት ሲፎኖች ደርቀው መገኘታቸውና የኤሌክትሪክ ማራገቢያዎቹ ከፍሳሹ ቱቦ ውስጥ ጠብታ ያዘለ አየር ወደ ክፍሎቹ መሳባቸው ነበር። ያን ጊዜ ሲፎኖቹን ባዶ ያደረጋቸው ድርቀት ነው፤ በእኛ ቤቶች ባዶ የሚያደርጋቸው የአየር መታጣት ነው፤ ባዶ ከሆኑ በኋላ ግን የሚከፈተው በር አንድ ነው። ከዚህም በቀር ብዙው የከተማችን ቤት ፍሳሹን የሚሰድደው ወደ ግቢው ሴፕቲክ ታንክ ነው፤ በታንኩም ውስጥ ቆሻሻው ሲብላላ ሚቴንና ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባሉ ጋዞች ይወለዳሉ፤ ሚቴን በእሳት ይቀጣጠላል፤ ሃይድሮጂን ሰልፋይድም ሲበዛ የሰውን የማሽተት ኃይል ራሱን ስለሚያደነዝዝ፥ አደጋው እየጨመረ ሲሄድ ሰውዬው ሽታው የቀረ ይመስለዋል። ወደ ጣራ የሚወጣው ቱቦ ከተደፈነ እነዚህ ጋዞች ሲገፉ መውጫ የሚያገኙት በቤቱ ሲፎኖች በኩል ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን መጽሐፍ አንብቦ የሚከራከረው ተቃዋሚ ነው፤ ክርክሩም እውነት የተቀላቀለበት ስለ ሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስለት ይገባኛል። እርሱ እንዲህ ይላል፤ አሜሪካኖች በቀድሞ ዘመን ለያንዳንዱ ሲፎን የየራሱን የአየር ቱቦ ይተክሉ ነበር፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ግን ኸርበርት ሁቨር የንግድ ሚኒስትር በነበረበት ጊዜ ባቋቋመው ኮሚቴ፥ በብሔራዊ የልኬት መሥሪያ ቤታቸውም ሮይ ሐንተር ባደረገው ምርመራ፥ ብዙው ቱቦ አላስፈላጊ መሆኑ ተገለጠ፤ እንግሊዞችም ከ1950ዎቹ ወዲህ ነጠላ ቱቦ በተባለው አሠራር ቅርንጫፍ የአየር ቱቦዎችን አስቀሩ፤ ስለዚህ ጥበቡ እያደገ በሄደ መጠን የአየር ቱቦ እየቀረ ይሄዳል። የታሪኩን እውነትነት አልክድም፤ ነገር ግን መደምደሚያው ከታሪኩ አይወለድም። እነዚያ ሰዎች የቀነሱት ለክተውና መዝነው ነው እንጂ በግምት አይደለም። በእንግሊዞቹም አሠራር ዋናው የፍሳሽ ቱቦ ራሱ ከጣራ በላይ ክፍት ሆኖ ይወጣል፤ ቅርንጫፎቹ ያለ አየር ቱቦ እንዲቀሩ የተፈቀደው በጽኑ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ የእጅ መታጠቢያው በ32 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከዋናው ከ1.7 ሜትር እንዳይርቅ፥ ሻወሩና የወጥ ቤቱ ሲንክ በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከ3 ሜትር እንዳይርቁ፥ መጸዳጃውም ከ6 ሜትር እንዳይርቅ፥ የሲፎኖቹም ውሃ ጠለቅ ያለ፥ እስከ 75 ሚሊ ሜትር የሚደርስ እንዲሆን ተወስኗል። ተቃዋሚያችን ይህን ሁሉ ትቶ «ነጠላ ቱቦ ይበቃል» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ይመጣል።

አሁን ይህን ልክ ወደ አሮጌ የአዲስ አበባ ቤት እናምጣው። ቤቱ በተሠራ ጊዜ መጸዳጃው ወይ በግቢው ጥግ ነበር፥ ወይም በአንድ ጎን ተለይቶ ተሠርቷል፤ ወጥ ቤቱ በጓሮ ካለው ሰርቪስ ውስጥ ነበር። በኋላ ልጆች ሲበዙ፥ ኪራይ ሲመጣ፥ አንዱ ጓዳ ሻወር ሆነ፤ በረንዳው ተዘግቶ ወጥ ቤት ሆነ፤ የያንዳንዱም ፍሳሽ በአልጋ ቤቱና በሳሎኑ ወለል ሥር ረጅም መንገድ እየተጓዘ ከዋናው ቱቦ ይገባል። እንግሊዞቹ በአንድ ግድግዳ ዙሪያ ለተሰበሰበ መታጠቢያ ቤት የፈቀዱት ነገር እንዲህ ለተበታተነ ቤት የተፈቀደ አይደለም። በአዲስ ፎቅ ላይ ሁሉም ነገር ባንድ መስመር ስለሚወርድ በጥቂት ቱቦ መብቃቃት ይቻል ይሆናል፤ አሮጌ ቤት ግን ከአዲሱ ይልቅ አየር ይሻል፤ ሰዉ የሚያምነው የዚህን ተቃራኒ ነው።

በስዊድን አገር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የወጣው የአየር መቀበያ ቫልቭ ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል የሚሉም አሉ። ቫልቩ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ሲጎድል ተከፍቶ አየር ያስገባል፤ ከዚያ ይዘጋል፤ ጥሩ ብልሃት ነው፤ ከዋናው ቱቦ ርቆ ብቻውን ለቀረ ሲንክ እኔም እፈቅደዋለሁ። ነገር ግን ያስገባል እንጂ አያስወጣም፤ ስለዚህ ከፊት የሚገፋውን አየርና ከታንኩ የሚመጣውን ጋዝ አያስተነፍስም፤ በቤቱ ላይ ቢያንስ አንድ ክፍት ቱቦ ከሌለ ዋጋ የለውም። ላስቲኩም ያረጃልና፥ በሴራሚክ ጀርባ ቀብሮ መርሳት አይገባም።

ግድግዳው አይፈቅድም የሚለው ክርክር ከሁሉ ይልቅ ሊሰማ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለውን የድንጋይ ግድግዳ ለቱቦ ብሎ መቦርቦር ግድግዳውን ማድከም ነው፤ በዕንጨትና በጭቃ የተሠራውንማ ቋሚውንና ማገሩን ቈርጦ ቱቦ ማስገባት ቤቱን መግደል ነው። ይሁን እንጂ ቱቦው በግድግዳ ውስጥ መቀበር አለበት ያለው ማን ነው? በብርድ አገር የቱቦው አፍ በውርጭ እንዳይደፈን ሲሉ የሞቀ ቤት ውስጥ ያሳልፉታል፤ በአዲስ አበባ ግን አፉን የሚዘጋ በረዶ ስለሌለ፥ ቱቦው በውጭ ግድግዳ ላይ በነጻነት ሊወጣ ይችላል። የቀድሞዎቹ ሠሪዎች ያደረጉትም ይህንኑ ነበር። የዛሬው ፒቪሲ በደጋው ፀሐይ እንዳይሰነጠቅ ነጣ ያለ ቀለም ይቀባ፤ በየሜትሩ ይታሰር፤ ከዚያ በኋላ ለግድግዳው የሚያስፈልገው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው።

መንገዱ ሲታሰብ ሊጠበቅ የሚገባው ምሥጢር ግን ብዙ ሠራተኞች የማይጠይቁት አንድ ልክ ነው። ከሲፎኑ የወጣው ቱቦ ወደ አየር ቱቦው ሲሄድ በ1 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ቱቦው 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ከሆነ፥ 2 ሜትር በሄደ ጊዜ 4 ሳንቲ ሜትር፥ ማለት የስፋቱን ሙሉ ልክ ወርዷል። ከዚያ ነጥብ ካለፈ የአየር ቱቦው መግቢያ ከሲፎኑ ውሃ ጠርዝ በታች ይሆናል፤ ውሃውም ቱቦውን ሞልቶ ሲሄድ አየሩን ከኋላው ስለሚዘጋበት፥ ሲፎኑ በራሱ ፍሳሽ ራሱን ይመጥጣል፤ የአየር ቱቦ እያለ እንደሌለ ይሆናል። ስለዚህ ሠራተኛው ይበልጥ ቀና ይውረድ ብሎ ቱቦውን አለቅጥ ባዘነበለው ቁጥር ይህ ርቀት እያጠረ ይሄዳል፤ ማዘንበል ሁሉ መልካም ነው የሚለው አሳብ ስንቱን ሲፎን ባዶ አስቀርቷል! ቱቦው ከተነሣ በኋላም፥ ከገንዳው ጠርዝ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ እስኪል ድረስ ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት፤ ከዚያ በታች ወደ ጎን ከታጠፈ፥ ፍሳሹ በታገደ ጊዜ ቆሻሻው ውሃ ወደ አየር ቱቦው ይገባና የሚያጥበው ስለሌለ በዚያው ደርቆ ይዘጋዋል፤ ማንም ሳያውቅ። ሲንኩ ከመስኮት ሥር ከሆነ ቱቦው በመስኮቱ ጎን ዞሮ ይወጣል እንጂ መስኮቱ ምክንያት አይሆንም። ከኮርኒሱ በላይ የተለያዩትን የአየር ቱቦዎች አንድ ላይ አገናኝቶ በአንድ አፍ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን በውስጣቸው የሚጤዘው ውሃ ወደ ፍሳሹ እንዲመለስ ዘንበል ይበሉ። ከሁሉ የከፋው በደል ቱቦውን በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ክፍት አድርጎ መተው ነው፤ ይህን የሚያደርግ ሠራተኛ የጉድጓዱን አየር በቤተ ሰቡ ራስ ላይ አከማችቶ ሄዷል።

ጣራ ከተበሳ ያፈሳል የሚለውን ፍርሀት አልንቀውም፤ የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ቆርቆሮውን አስነክቶ መተኛት አይሆንለትም። ነገር ግን በግድግዳው ውጭ የወጣ ቱቦ ከክፈፉ ሥር ሲደርስ በሁለት ለስላሳ ማጠፊያ ወደ ውጭ ዞሮ ማለፍ ይችላልና ጣራውን መንካት እንኳ አያስፈልገውም። መብሳት የግድ ከሆነም፥ ወደ ሸንተረሩ ቀረብ ብሎ፥ ውሃ በብዛት ከማይወርድበት ስፍራ ይበሳ፤ የቱቦው መከለያ የላይኛው ጫፉ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር፥ የታችኛው ጫፉ ከታችኛው ቆርቆሮ በላይ ይሁን። የሚያፈሰው መከለያው ተገልብጦ በሲሊኮን ብቻ የተለጠፈበት ጣራ ነው። አፉ ከጣራው ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከመስኮትም 3 ሜትር ይራቅ፤ ሰው በሚቀመጥበት ሰገነት ላይ ከሆነ ደግሞ ከሰው ቁመት በላይ ይውጣ።

ስለ ወጪው ብዙ አልናገርም። ጥቂት ሜትር ፒቪሲ ከአንድ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ጋራ በዋጋ አይወዳደርም፤ ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ግን ያው ቱቦ ሴራሚኩን ሁሉ ያስከፍላል። ደንቡም አልጎደለንም፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ከወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ ዘጠነኛው ክፍል የሕንፃን የቧንቧ ሥራ ለብቻው ይዟል፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ወጥቷል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚያ አገር አሮጌ ቤት ሲያሳድሱ፥ ተቈጣጣሪ መጥቶ የፍሳሹንና የአየሩን ቱቦ ሳያይ ግድግዳ መዝጋት አይፈቀድላቸውም፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ገብተው የአባታቸውን ቤት ሲያሳድሱ፥ «እዚህ እንዲህ አንሠራም» ሲባሉ ዝም ብለው ይቀበላሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ የውሃና የነፋስ ጠባይ ባሕር ሲሻገር አይለወጥምና።

ስለዚህ ቤትህን ልታሳድስ የተነሣህ አንባቢ ሆይ፥ ለሴራሚኩ ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ሠራተኛህን ወደ ጓሮ አውጣውና፥ የአየር ቱቦው ከየትኛው ሲፎን ተነሥቶ፥ በየት በኩል አልፎ፥ ከጣራው በየት እንደሚወጣ በግድግዳው ላይ በጠመኔ እንዲሥልልህ ጠይቀው። አሮጌው ቱቦ ቆሞ ካለም፥ መዝገቱንና ስንጥቁን ሳይመረምር መጋዝ እንዳያነሣበት ከልክለው። ሥራው ተፈጸመ ባለህም ጊዜ፥ ገንዳዎቹን ሁሉ በውሃ ሙላቸው፤ ባንድነት ልቀቃቸው፤ መጸዳጃውንም አብረህ ልቀቀው፤ በዚያው ቅጽበት በሁለተኛው መጸዳጃ ሳህን ውስጥ ያለውን ውሃ ተመልከት፤ የሲንኩንም ድምፅ አዳምጥ። ውሃው ከተወዛወዘ፥ ሲንኩም ከጮኸ፥ ሥራው አላለቀምና የመጨረሻውን ክፍያ አትስጥ።